ቫሳ በአራት ሸራ

በእኔ ልኬት የቫሳ ጉዞ 17 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለፈው እሑድ ሜትር ይዤ ከቤቴ በር ተነሣሁና በኮሪደሩ ለካሁት፤ ሊፍቱን አልፎ ሦስተኛው ጎረቤቴ በር ላይ አለቀ። እውነተኛዋ መርከብ ከተነሣችበት እስከ ሰጠመችበት የሄደችው 1,300 ሜትር ያህል ነው፤ የእኔዋ፣ ቤቴ ውስጥ ከእንጨት የምሠራት ሞዴል፣ የሷ ሰባ አምስተኛ እጅ ናት። እዚያው ጎረቤቴ በር ላይ ቆሜ ዞር ብዬ የመጣሁበትን አየሁ። ያ ሁሉ ዛፍ ተቆርጦ፣ ያ ሁሉ ሰው ደክሞ፣ የተሄደው ይቺን ታህል ነው።

ቫሳን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። የስዊድኑ ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር በነበረባቸው ጦርነት ጊዜ ያሠሯት የጦር መርከብ ናት። 64 መድፍ ተሸክማ፣ ኦገስት 10 ቀን 1628 እ.ኤ.አ.፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የስቶክሆልም ሕዝብ ዳር ቆሞ እያያት ወጣች። ከተማዋን እንኳ ሳትርቅ ነፋስ መታትና አጋደለች፤ ቀና አለች፤ ሁለተኛው ሲመታት ግን አልተመለሰችም። ውኃ ገባባትና ሰጠመች። 30 የሚሆኑ ሰዎች አብረዋት ሞቱ። ስዊድን በዚያ ዘመን ገና አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር የምትከተለው፤ ቀኑን ወደኛው መልሼ ሳሰላው ነሐሴ 17 ቀን 1620 ዓ.ም. ሆነ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ማለት ነው። በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ነበሩ። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ያ እሑድ ለእኔ የሩቅ አገር ቀን መሆኑ ቀረ።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ስቶክሆልም ከመጣሁ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቫሳን መጀመሪያ ያየኋት ስዊድንኛ እየተማርሁ ሳለ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሙዚየሙን ልንጎበኝ ስንሄድ ነው። ለእንጨቱ ሲሉ መብራቱን ደብዛዛ አድርገውታል፤ ከውጭ ብርሃን ሲገቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዓይን እየለመደ ሲሄድ ከፊት ለፊት ያለው ጨለማ ግድግዳ እንዳልሆነ ይታወቃል። መርከብ ነው፤ ጥቁር ኦክ፤ አንገት አቅንተው አይተው የማይጨርሱት። ሌሎቹ መድፉንና ምስሎቹን ሲያዩ እኔ ጣውላው ከጣውላው የገጠመበትን አየሁ። አባቴ አናጢ ነበር፤ የአናጢ ልጅ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው መጋጠሚያ ላይ ነው።

ልጅ ሆኜ የማውቀው ታንኳን ነበር፤ የደንገሉን ታንኳ። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ሲመጡ ጠዋት ጠዋት ዳር ቆመን እናያቸው ነበር። ታንኳ ባዶ ሆድ የለውም። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው፤ ውኃው በመሐሉ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቀዛፊው እግሩ እየራሰ ይቀዝፋል። ሲሰነብት ውኃ እየጠጣ ይከብድና አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ያልቅለትና ሌላ ይታሰራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ተሳፋሪ አይቆምም። አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ተሳፍሬ ማዶውን ለማየት ብድግ ስል ቀዛፊው «ቁጭ በይ!» ብሎ የጮኸብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሙዚየሙ ውስጥ አስጎብኚዋ ስለ ሚዛን ስታስረዳ ግማሹ ስዊድንኛዋ አልገባኝም፤ ነገሩ ግን በዚያ ጩኸት በኩል ወዲያው ገባኝ። ቫሳ ብድግ ያለች መርከብ ናት። ከሥር ጠበብ ብላ ከላይ ከብዳለች፤ ሁለት ፎቅ መድፍ ደርድራ፣ ከሆዷ ያለው 120 ቶን ድንጋይ ቁጭ ሊያደርጋት አልቻለም።

ከመነሣቷ በፊት ሞክረዋት ነበር። ወደቡ ላይ እንደ ታሰረች 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ተሰብስበው እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ መርከቧ ክፉኛ ስለተንገዳገደች ሙከራው እንዲቆም ታዘዘ። ሙከራው ቆመ፤ ጉዞው ግን አልቆመም። ንጉሡ ከጦር ሜዳ ሆነው ቶሎ ትውጣ እያሉ ይጽፉ ነበር። እነዚያ 30 ሰዎች እግራቸው ሥር ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ በገዛ አካላቸው አውቀዋል፤ እውቀታቸው ግን የትም አልደረሰም። በኋላ ምርመራ ተደርጎ ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ቀረ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደረቴ ይከብደኛል።

ሞዴል መሥራት የጀመርሁት ከአምስት ዓመት በፊት፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ 300 ክሮና ከፍዬ አንድ ሳጥን ገዝቼ ነው። በላዩ ቫሳ ተሥላለች፤ አሥሩም ሸራዋ በነፋስ ተወጥሮ፣ የኋላዋ በሰማያዊ ቀለም አሸብርቆ፣ ማዕበል ስትሰነጥቅ። ውስጡን ስከፍተው የማላውቀው ሰው ጅምር አገኘሁ። አከርካሪዋ ቆሟል፤ እንደ ጎን አጥንት የሚሰኩት የኮምፔርሳቶ ቁርጥራጮች ግማሾቹ ተለጥፈዋል፤ አንደኛው ተሰብሯል። ማን እንደ ጀመረው፣ ለምን እንደ ተወው አላውቅም። አለጣጠፉ ንጹሕ ነበር። እሱ ከተወበት ቀጠልሁ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ጣውላ ማልበስ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስስ እንጨቶች ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ አጥንቱን ተከትለው አንድ በአንድ ይለጠፋሉ። ከፊት በኩል ያለው ጥምዝ ከባድ ስለሆነ እንጨቱን ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክሬ በፀጉር መተኮሻዬ ላይ ቀስ እያደረግሁ አጎብጠዋለሁ። ቸኩዬ ከሳብሁት ይሰነጠቃል፤ ከዘገየሁ ይቃጠላል። ጫፉን በምላጭ አቅጥኜ ኮላ እቀባና በልብስ መቆንጠጫ አስሬ እተወዋለሁ። በአንድ ምሽት ከአራት እንጨት በላይ አይሄድም። እነዚያን ምሽቶች እወዳቸዋለሁ። ልጄ ጠረጴዛው ማዶ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ የእርጥብ እንጨት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ከእጄና ከእንጨቱ በስተቀር የማስበው ነገር የለም።

መጀመሪያ ግን ተሳሳትሁ። ቀኙ ጎን እያማረ ሲሄድ ጊዜ አላቆም አለኝና ግራውን ሳልነካ ቀኙን ጨረስሁት። ኮላ ሲደርቅ እንጨቱን ይስባል፤ እንጨቱም አጥንቱን ይስባል። ከሳምንት በኋላ ከፊት ለፊት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳያት አከርካሪዋ ጎብጧል። 4 ሚሊ ሜትር። በእውነተኛው ልኬት 30 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

ሥራ ቦታዬ ላይ በወጣትነታቸው የእንጨት ጀልባ ይሠሩ የነበሩ የ91 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በስዊድንኛ ትልቅም ትንሽም «አንተ» ነው የሚባለው፤ እኔም በአፌ እንደዚያው እላቸው ነበር፣ በልቤ ግን አንድም ቀን ከ«አንቱ» ወርጄ አላውቅም። የሌሊት መድኃኒታቸውን ስሰጥ የስልኬን ፎቶ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። ከዚያ የሚንቀጠቀጡ ሁለት እጆቻቸውን በየተራ እያነሡ «አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ የቀኙን ጣውላ ሁሉ በሙቅ ውኃና በእንፋሎት አላቀቅሁት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እንደገና ስጀምር አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ አልሁ። ያለቀውን ጎን ሳያዩት ነው ያረፉት።

በዚያ ሰሞን ነበር ስለ ማስመሪያዎቹ ያነበብሁት። ከቫሳ ውስጥ የአናጢዎች ማስመሪያዎች ተገኝተዋል፤ አራት። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተከፈሉ ናቸው፣ ባለ 12 ኢንች። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ፣ ባለ 11 ኢንች። በአንድ ጫማ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ በ69 ሜትር መርከብ ላይ ሲደማመር ግን ሌላ ነገር ነው። በዘመናችን ሲለኳት የቫሳ ሁለት ጎኖች እኩል አልሆኑም። የመርከብ ግቢውን የያዘው ሄንሪክ ሂበርትሶን ሆላንዳዊ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከሆላንድም ከስዊድንም የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ያሳደገውን ማስመሪያ ይዞ ሲሠራ ይታየኛል።

አባቴ በሜትርም በክንድም ይሠራ ነበር። ቤት ሲሠራ ግን ረዳቶቹ በየራሳቸው ክንድ እንዲለኩ አይፈቅድም። ሥራው በተጀመረ ቀን ቀርከሃ ይቆርጥና የራሱን ክንድና ስንዝር በቢላዋ ምልክት ያደርግበታል፤ ያቺ ቀርከሃ ጣራው እስኪከደን ድረስ ከግቢ አትወጣም። «ያንድ ቤት ክንዱ አንድ ነው» ይላል። ልጅ ሆኜ አባቴ በክንዱ ርዝመት የሚኮራ ይመስለኝ ነበር። ቀርከሃዋ ለምን እንዳስፈለገች የገባኝ ስቶክሆልም ውስጥ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ ስለ ሰጠመች መርከብ ሳነብ ነው።

የእኔዋ ቫሳ ዛሬም ፍጹም እኩል አይደለችም፤ በግራ በኩል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትሰፋለች። ልሞርዳት እችል ነበር። አልሞረድኋትም።

ከጣውላው በኋላ ያለውን፣ ወለሉን መደርደርና መላግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቫርኒሽ መቀባት፣ ዘልዬዋለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ የሚያወሩት ነገር የለውም። ገመዱ ላይ ልምጣ።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ክር ናይሎን ነበር። ያብለጨልጫል። የመርከብ ገመድ ደግሞ ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም። የሱቁንም ሞከርሁት፤ ወይ ጠጉሩ ይበዛል፣ ወይ እንደ ሽቦ ይገትራል። አንድ ቅዳሜ ለእማዬ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ፈትል ብትልኪልኝ?»

«ቀሚስ ልታሠሪ ነው?»

«ለመርከብ ነው።»

ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። ደቀሎቹ፣ ሸራው የሚሰቀልባቸው ምሰሶዎች፣ ገና መቆማቸው ነበር። ወደ ማያው ተጠግታ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ዝም ብላ አየች። «ይቺን ሁሉ በክር ልትወጥሪያት ነው?» አለች። አዎ አልኋት። ከፊት ያለውን አንበሳ አስጠጋሁላት፤ የቫሳ አፍንጫ ላይ ሊዘል ያቆበቆበ አንበሳ አለ፣ እውነተኛው ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ያኔ ሳቀች፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ይቺን አይተው ነው እንዴ!» አለች። ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን የባለሙያ ነበር፤ «ክብደት ይችላል የምትይው ነው ወይስ ለዓይን ብቻ?» የሚችልም የማይችልም እፈልጋለሁ አልኋት። ሁለት ወር ቆይቶ ሰው ሲመጣ ከሽሮና ከበርበሬ መሐል ሁለት ልቃቂት መጣልኝ። አንደኛው ለማግ እንደሚፈተለው ለስላሳ ነው። ሌላውን ጠበቅ አድርጋ አክርራዋለች፤ ስነካው ጣቴን ቆረቆረኝ።

አገማመዱን ልንገራችሁ፣ ሞክሩት የምል ስለሆነ። እንዝርት ክሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያከርረው። ሦስቱን ክር ጎን ለጎን ወጥሬ ጫፋቸውን በድሪል አፍ ይዤ በተቃራኒው አቅጣጫ ስገምዳቸው አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል፤ ስለዚህ የተገመደው ተመልሶ አይፈታም። በዚያው አቅጣጫ ከተገመደ ግን ወጥሮ የያዘው እጅ ሲለቀው ይጠቀለላል። ለትልቁ ደቀል መወጠሪያ ሦስት ሦስት ክር የገመድሁትን ሦስት ገመድ መልሼ አንድ ላይ ገመድሁ፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወጣው። ከዚያ ሰም። ንጹሕ የንብ ሰም ላይ ገመዱን ደጋግሜ ስስበው ጠጉሩ ይተኛል፤ ቤቱ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ደቀሉን የሚወጥሩት ገመዶች በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ዝፍት የጠጡ ጥቁር ነበሩ፤ እነሱን በጥቁር ቀለም ነከርሁ። ሸራውን የሚያወጡና የሚያወርዱት ግን ነጣ ያሉ ናቸው፤ ለእነሱ የወፈረ ሻይ በቃኝ።

የደቀሉ የጎን ገመዶች ከታች የሚወጠሩት ሦስት ቀዳዳ ባለው ክብ እንጨት ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይተያያሉ፤ በቀዳዳዎቹ መሐል ቀጭን ገመድ ይመላለስና ሲሳብ ይጠብቃል። ስዊድኖች ይህችን እንጨት «ዩንግፍሩ» ይሏታል፤ ድንግል ማለት ነው። እኔ ታንኳ የሚታሰርበትን ደንገል አሰብሁ፤ ቃሉ ዝምድና ይኑረው አይኑረው ግድ የለኝም፣ በጆሮዬ ተጎራበቱ። ከእነሱ በላይ መርከበኞቹ የሚወጡበት መሰላል አለ፤ ገመድ በገመድ ላይ የተቋጠረ። በእኔ ልኬት ከእርከን እርከን 5 ሚሊ ሜትር ነው። ዕረፍት በሆንሁበት ሌሊት 60 ቋጠሮ ከቋጠርሁ ብዙ ሠርቻለሁ። አንዱ ከላላ መሥመሩ ሁሉ ያዘነብላል፤ በወረንጦ ይፈታል፣ እንደገና ይቋጠራል። በእነዚህ ሌሊቶች ማርጋሬታ ኒልስዶተር ትመጣብኛለች፤ የሂበርትሶን ሚስት። እሱ በ1627 እ.ኤ.አ. መርከቧ ሳታልቅ ሞተ፤ ግቢውን ማስተዳደር በእሷ እጅ ወደቀ። አናጢነቱን ሄይን ያኮብሶን የተባለው ባለሙያ ጨረሰው፤ ውሉ፣ ሠራተኛው፣ ዕዳው የእሷ ነበር። ያን እሑድ የት ቆማ እንዳየች ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ሳጥኑ ሥዕል ልመለስ። ደቀሎቹ ቆመው ገመዱ ሲያልቅ የሚቀረው ሸራ ነው፤ መመሪያው አሥር ሸራ ስፊ ይላል። ብዙ ሰው የሚሠራትም እንዲያ ነው፤ አሥሩም ተነፍቶ ስታዩዋት ታምራለች። ነገር ግን ቫሳ አንድም ቀን አሥር ሸራ አውጥታ አታውቅም። ያን እሑድ የተዘረጉት አራት ብቻ ናቸው፤ ከፊተኛው ደቀል የታችኛውና ከሱ በላይ ያለው፣ ከመሐለኛው ደቀል ሁለተኛው፣ ከኋለኛው ደቀል ደግሞ ሦስት ማዕዘኑ። በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕሩ ሥር ስትወጣ የቀሩት ስድስቱ ሸራዎች በሸራ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ተገኙ። ከ333 ዓመት በኋላ። ሳጥኑ ላይ ያለችው ቫሳ ኖራ አታውቅም።

ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ሞዴል የምሠራው ለጌጥ ከሆነ ሌላ መርከብ ሞልቷል። ቫሳን ከመረጥሁ ግን የዚያን ቀኗን ቫሳ ነው የምሠራው፤ አራት ሸራ፣ ከዚያ አይበልጥም። የመድፍ መስኮቶቹም ክፍት ናቸው። መመሪያው የታችኛውን ረድፍ ዝጊ ይላል፣ ባሕር ላይ ያለች መርከብ ስለሆነች። ያን እሑድ ግን ስትነሣ የክብር መድፍ ስለተኮሰች መስኮቶቹ ተከፍተው ነበር፤ ውኃው የገባውም በታችኞቹ ነው። ደግሞ የመስኮቶቹ ክዳን የውስጠኛው ፊት ላይ የሚያገሳ አንበሳ ተቀርጿል። ሲዘጉ አንበሶቹ ወደ ውስጥ ዞረው ይጠፋሉ፤ የሚታዩት መስኮቶቹ ሲከፈቱ ብቻ ነው። የቫሳ ግርማ የታየው በዚያው በሰጠመችበት በር በኩል ነው ማለት ነው። ሁሉንም ክፍት አድርጌ ለጠፍኋቸው። የአንበሶቹን ፊት በአንድ ጠጉር ብሩሽ ቢጫ ቀባሁ።

ቀለሟንም እንዲሁ። ቀድሞ የቫሳ ጌጥ የተቀባው በሰማያዊ መደብ ላይ እንደሆነ ይታሰብ ነበር፤ የቆዩ ሥዕሎችና ሞዴሎች በዚያ መልክ የተሠሩ ናቸው። ከምስሎቹ ላይ የቀረው የቀለም ቅንጣት ሲመረመር መደቡ ቀይ ሆኖ ተገኘ፤ ምስሎቹም በብዙ ዓይነት ቀለም የደመቁ ነበሩ። ሙዚየሙ ውስጥ ከእውነተኛዋ አጠገብ የአሥረኛ እጅ ሞዴል ቆሟል፤ በዚያ ቀለም የተቀባ። የዕረፍት ቀኔ ላይ ደብተርና እርሳስ ይዤ ስንቴ እንደ ሄድሁ አልቆጠርሁም። ከስሉሰን ሙዚየሙ ወዳለበት ወደ ዩርጎርደን ደሴት የምትሻገረው ጀልባ ላይ ሆኜ ስሄድ ቤክሆልመን የምትባል ትንሽ ደሴት ትታያለች፤ ቫሳ የሰጠመችው እሷ አጠገብ፣ 32 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ተሳፋሪው ስልኩን ያያል። እኔ ውኃውን አያለሁ። አንደርሽ ፍራንሴን የሚባል ሰው እዚያ አካባቢ በገመድ የሚወርድ ናሙና ማውጫ እየጣለ ሲፈልግ ከርሞ በ1956 እ.ኤ.አ. የጠቆረ የኦክ ቁራጭ ይዞለት ወጣ። ጠላቂዎቹ ከሥሯ ስድስት ዋሻ በጭቃ ውስጥ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ በዳበሳ ቆፍረው ገመድ አሳለፉላት። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል የባልቲክ ውኃ ጨው ስላነሰው እዚያ አይኖርም፤ ያ ባይሆን የሚወጣ ነገር አይኖርም ነበር። ከወጣች በኋላም እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ 17 ዓመት ሙሉ ፈሳሽ ተረጨባት።

አራቱን ሸራ ጥቅጥቅ ካለ ስስ ጥጥ ሰፋኋቸው። ሸራ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም፤ ጠባብ ጠባብ ሸማ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በየ8 ሚሊ ሜትሩ የስፌት መስመር አወረድሁበት። ያን ቀን የነበረው ነፋስ መጀመሪያ ላይ ደካማ ስለነበር አላነፋኋቸውም። እንደ ተሰጣ ልብስ ዝርግት ብለው ተንጠልጥለዋል። አንዲት ጓደኛዬ መጥታ አይታ «አላለቀችም እንዴ?» አለችኝ። ይህን ያህል ነው ያለቀችው አልኋት።

የቀሩት ስድስቱ ናቸው ያስቸገሩኝ። ሠርቼ ከታች ላስቀምጣቸው ወሰንሁ፤ በነበሩበት ቦታ። በሸራው ጨርቅ ሞከርሁ፤ ሲታጠፍ ይወፍራል፣ እንደ ትራስ ይሆናል። ጨርቁ በእኔ ልኬት 75 ጊዜ መሳሳት ነበረበት፤ ያን ያህል የሳሳ ጨርቅ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የለም። አንድ ቀን ሣጥኔን ስከፍት ዳሯ ያለቀ አሮጌ ነጠላ አገኘሁ። ከአገር ስወጣ ለብሼው የመጣሁት ነው። ስንቴ ታጥቦ ስንቴ፣ እንደ ጉም ሳስቷል። ጥለቱን አስቀርቼ ከመሐሉ ስድስት ቆረጥሁ፤ በየልካቸው፣ ትልቁን ትልቅ፣ ትንሹን ትንሽ። ዳር ዳራቸውን በእማዬ ለስላሳ ፈትል ዘመዘምሁ። አጥፌ፣ ጠቅልዬ፣ በቀጭን ገመድ ሁለት ሁለት ቦታ አሰርኋቸው። ትልቁ የትንሽ ጣቴን አንጓ ያህል ሆነ።

ትናንት ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት በወለሉ መግቢያ ቀዳዳ በኩል በወረንጦ አወርዳቸው ጀመር። ልጄ የእጅ ባትሪ ይዞልኝ ነበር።

«ክዳኑ ከተለጠፈ በኋላ ማን ያያቸዋል?» አለኝ።

«አንተ አይተሃቸዋል» አልሁት።

ዝም ብሎ ባትሪውን ጠጋ አደረገልኝ። አምስቱ ገቡ። ስድስተኛው፣ ትልቁ፣ አልገባ አለ፤ አወጣሁት፣ ፈታሁት፣ ጠበቅ አድርጌ እንደገና ጠቀለልሁት። ሲገባ ባትሪው ብርሃን ውስጥ ነጭ ሆኖ ትንሽ ታየና ከሌሎቹ ጎን ተጋደመ። ክዳኑን ኮላ ቀባሁት፣ ገጠምሁት፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዝሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር፤ ኮቴን ለብሼ ወደ ባቡሩ ሮጥሁ።